ሶለል ለሁለት ሰው

ጓደኛዬ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቆቦ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ «ያቺ ጓደኛሽ» የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ ነው። መንገድ ላይ ያስቆሙኝና «ያቺ ልቧን ያመማት ጓደኛሽ እንዴት ናት?» ይሉኛል። ደህና ናት እላለሁ። ከዚያ «አንቺ ነሽ እኮ የደረስሽላት» ብለው ሊመርቁኝ ይጀምራሉ፤ እኔ ደግሞ ምርቃቱ ሳያልቅ መንገዴን እቀጥላለሁ። ባለጌ ናት ቢሉኝም ግድ የለኝም።

ከደጋ የወረድነው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ አባቴ ሥራው ወደ ቆቦ ተቀየረ። አዲስ ክፍል በር ላይ ቆሞ የልጆቹ ዓይን ሁሉ ሲያርፍበት ያልተሸማቀቀ ሰው ካለ እሱ የተባረከ ነው። የኔን ቁመና ላስረዳ። ሙቀቱ ፊቴን በሽፍታ ሞልቶታል፣ ከክፍሉ ሴቶች ሁሉ በቁመት እበልጣለሁ፣ ራሴን ደግሞ በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬያለሁ። ልጅ ሳለሁ ቆረቆር ወጥቶብኝ ከማጅራቴ ከፍ ብሎ ፀጉር የማይበቅልበት ቦታ ትቶልኝ ሄዷል። ደጋ ላይ ሻሽ ያሰረ ሰው በርዶት ነው ይባላል። ቆቦ ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት አገር፣ ሻሿን የማትፈታ ልጅ የሆነ ነገር እንዳለባት ሁሉም ያውቃል።

የክፍል ኃላፊው መምህር በሩ አጠገብ ያለውን ዴስክ አሳየኝ። እዚያ አንዲት ቀጭን፣ ጉንጯ የቀላ ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሌሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣበው ሳለ እሷ ብቻዋን ለምን እንደተንደላቀቀች የገባኝ ስታስል ነው። ሳንባ ነው፣ ይጋባል ተብሎ ተወርቷል። ሳንባ አልነበረም፤ ልብ ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያመማት ነገር ውሎ አድሮ የልቧን በር አጥብቦታል። ደረጃ ስትወጣ፣ ስትስቅ፣ ስትናደድ ትንፋሽ ያጥራታል። ይህን የነገሩኝ በኋላ እናቷ ናቸው፤ እሷ ያን ቀን ያለችኝ «ካልፈራሽ ተቀመጪ» ብቻ ነው።

«ምኑን ነው የምፈራው?»

«አጠገብሽ ብሞትስ?»

ተቀመጥኩ። ሌላ ቦታ ቢኖርማ የማን እግር ወደዚያ ይሄዳል።

ብዙም ሳንቆይ ሻሼ ሥር ያለውን አወቀችው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሉም ሜዳ ሲወጣ፣ እሷ መሮጥ ስለማትችል፣ እኔ ደግሞ ሻሼ እንዳይወልቅ ስለምፈራ ክፍል ውስጥ እንቀር ነበር። አንድ ቀን ሙቀቱ አድክሞኝ ዴስኩ ላይ ድፍት ብዬ ሸለብ ሲያደርገኝ ገልጣ አየችው። ስነቃ ጣቷ እዚያ ላይ ነው።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለችኝ። «እኔኮ ቀንድ መስሎኝ ነበር።»

እጇን መታሁት። ደንግጣ ይሁን ተናዳ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለና ዴስኩን ጨብጣ ቀረች። ገደልኳት ብዬ የማደርገው ጠፋኝ። እሷ ግን ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቃ ሳቀችብኝ። ሰው ለመሳቅ እንዲህ ሲደክም አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ግጥም ገጥማልኝ መጣች፤ ጆሮዬ ሥር ሆና በሹክሹክታ ዘፈነችው።

ከደጋ የመጣች፣ ሻሿን የማትፈታ፣
ፀጉሯን አይጥ በላው፣ እንቅልፍ ጥሏት ማታ።

ለሌላ ሰው አልነገረችም። እነግራለሁ እያለች ግን ስታስፈራራኝ ከረመች። የቤት ሥራ ካላስገለበጥኳት፣ መስኮቱን ካልከፈትኩላት፣ ፊቴን ካዞርኩባት «ከደጋ የመጣች» ብላ ታንጎራጉራለች። ጠላኋት። በበሽተኛ ላይ ቂም መያዝ ነውር ነው ይባላል፤ ያንን የሚሉት ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ናቸው።

እናቷ በሰው የመስኖ ማሳ ሽንኩርት ሲለቅሙ የሚውሉ ሴት ናቸው። አንድ እሁድ ቤታችን መጡና እናቴን «እቴ፣ ልጅሽ ከልጄ ጋር ናት አሉኝ የምትቀመጠው» አሏት። «ለልቧ የታዘዘላትን የወር መርፌ ስትወጋ አብራት ብትሄድልኝ? እኔ አንድ ቀን ከቀረሁ በቦታዬ ሌላ ሰው ይገባል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞር እንኳን አላለችም። «ምን ችግር አለው፤ እሷ ምን ሥራ አላት» አለች። እሳቸው ከወጡ በኋላ ሳጉረመርም ደግሞ «ለአገሩ እንግዳ ነን፤ ሰው መልመድ አለብን» አለችኝ። ሰው የምትለምደው እሷ፣ የምሄደው እኔ።

መርፌው ወፍራም ነው፣ መድኃኒቱም ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደ ድንጋይ ይከብዳል መሰለኝ። ዳሌዋ ላይ ሲወጓት አትጮህም፤ የኔን ክንድ ትቆነጥራለች። ስንወጣ እግሯ ስለሚደነዝዝ ትከሻዬን ተደግፋ ትራመዳለች። እኔ ረጅም፣ እሷ አጭር፣ የባጃጅ ልጆች «ቀጭኔዋ ልጇን ይዛ ወጣች» ይሉናል። አንገቴን ደፍቼ ለማለፍ ስሞክር እሷ ቆማ መልስ ትሰጣቸዋለች፤ መልስ ስትሰጥ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ትንፋሽ ሲያጥራት እዚያው መንገድ ዳር እንቀመጣለን፤ እነሱም እስኪበቃቸው ያዩናል። እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ የለም፤ ችግሩ በየወሩ መሆኑ ነው።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ግመል» ትለኛለች።

«የግመል ጭነት አፍ የለውም፤ የቸገረኝ ያንቺ ነው።»

«እኔስ አንቺን መደገፍ አምሮኝ መሰለሽ? ሌላ ሰው ቢኖረኝ ዞር ብዬም አላይሽ።»

ይህን አምናታለሁ። እኔም ለእሷ የምለው እሱኑ ነበር።

በዚያ ዓመት በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ መርፌው ከቆቦ ጠፋ። ወደ ሮቢት የሚያልፍ ሰው ሲገኝ እየላክን፣ ዋጃ ፋርማሲ አለ ሲባል እዚያም እየላክን፣ አንዳንዴ ተገኘ፣ አንዳንዴም ሳይገኝ ወሩ አለፈ። ክረምቱ ሲገባ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሌሊት ተጋድማ መተኛት ስላቃታት ግድግዳ ተደግፋ ታድራለች። ሐኪሙ አዲስ አበባ ለልብ ሕክምና ተራ እንደተያዘላት፣ ክረምቱ ሲወጣ ሊጠሯት እንደሚችሉ ነገራት። እናቷ መሬት ስመው አመሰገኑ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሶለል ሳልወጣ እዚያው ብቀርስ?» አለችኝ።

ሶለል የቆቦ ልጃገረዶች ፍልሰታ ሲፈታ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩበት ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ የሰጠ ይወደሳል፣ የነፈገ ይሰደባል። እሷ ከታመመች ወዲህ አንድም ጊዜ ወጥታ አታውቅም። ልጆቹ ከቤቷ ደጅ ሲደርሱ ዝም ብለው እንደሚያልፉ ነገረችኝ። በሽተኛ እንዳይረበሽ ተብሎ ነው። ግጥም እንደዚያ የምትችል ልጅ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሌሎችን የተሰባበረ ግጥም ስትሰማ ትውላለች። ሞቱን አልፈራችም፤ ያንን ነው የፈራችው። እኔ እንኳን፣ እሷን ማየት የማልወደው፣ ይሄ ገብቶኛል።

የክፍላችን ሴቶች በዚያ ዓመት አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፍተው ሊወጡ ተስማምተው ነበር። መሪያቸው የጨርቅ ሱቅ ባለቤት ልጅ ናት። ቤታችን ድረስ መጥታ ጠራችኝ፤ በእሷ አፍ ስሜ ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አለችኝ፦ ፀጉርሽን ተሠሪ፣ እሷን ግን አታምጪ። «ብትወድቅብን ማን ይጠየቃል?»

«እሷን ትቼማ አልወጣም» አልኩ።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። መምህሩ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ጓደኝነት ማለት ይሄ ነው» አለኝ። የእሷ እናት እጄን ይዘው አለቀሱ። ልነግራት ስሄድ ግን እንደተደገፈች ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

«ውሸታም» አለች። «በእኔ ሰበብ ልትቀሪ ነው። ሻሽሽን መፍታት ፈርተሽ።»

«ምን አገባሽ?»

«እንዴት አያገባኝም? በሽታው የኔ ነው። ቆቦ ሁሉ በኔ ልብ እየመረቀሽ አንቺ ፀጉርሽን ትሸፍኝበታለሽ።» ቆም ብላ አየር ሳበች። «እንግዲያውስ ከኔ ጋር ትወጫለሽ። እምቢ ካልሽ ግጥሙን ለጨርቅ ሱቋ ልጅ እሰጣታለሁ።»

ተሰዳደብን። ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም፤ ያለችኝንም አልጽፈውም። እናቷ ከጓሮ ሰምተው ገቡ። መጨረሻ ላይ «አብራት ከሆንሽ ትውጣ» አሉ። አጎቷ የጋሪ ፈረስ ስላለው እሱ እየነዳን እንድንዞር ተስማማን። ማለቴ፣ እነሱ ተስማሙ።

ፀጉሬን ራሷ ሠራችኝ። ሌላ ሠሪ ጋ ብሄድ ምስጢሬ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ይሄን እንደ ደግነት እንዳልቆጥርባት ግን እያንዳንዱን ጉንጉን እንባዬ እስኪመጣ ጎተተችው። ቁስሉ የተወውን ቦታ የሚሸፍን ጉንጉን አልተገኘም። ስትጨርስ ሻሼን መልሼ አሰርኩ።

በበዓሉ ቀን እሷ ጋሪው ላይ ከበሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፣ እኔ ከጎን በእግሬ። የምታወጣው እሷ፣ የምቀበለው እኔ። ድምፄ ለመጥራትም ለመዝፈንም የሚሆን አይደለም። የመጀመሪያው ቤት ሴትዮ ሁለታችንን አይተው ደረታቸውን ያዙ፤ ዘፈኑ ሳይጀመር «እግዜር ይማርሽ የኔ ልጅ» ብለው ዳቦውን አመጡ። ሁለተኛውም ቤት እንደዚያው። ከአፏ ግጥም ሳይወጣ ጋሪው በዳቦ ሊሞላ ነው። ሦስተኛው ቤት ያሉት ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ያሽርሽ» ሲሉ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባ፣ የመጣነው ለሶለል ነው፤ ለዱዓ አይደለም» አለቻቸው።

አፍሬ ልሞት ደረስኩ። ሽማግሌው ግን ሳቁና «እንግዲያው በይ» አሏት። አለች። ስለ ጢማቸው፣ ስለ ጠማማ በራቸው፣ ስለ ሁለቱ ሚስቶቻቸው። ግማሹን መስመር እሷ ስታወጣ ትንፋሽ እስክትስብ ድረስ እኔ እቀበላለሁ፤ እንዲህ እየተቀባበልን ዘለቅነው። ቤተሰቡ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንደር በስድብ አለፍነው። የሚያዝንላት ሰው ሲመጣ ገና ፊቱን አይታ ታውቀዋለች፤ ለእሱ የሚሆነው ግጥም ከሁሉ የከፋው ነው።

አደባባዩ ላይ ከክፍላችን ልጆች ጋር ተገጣጠምን። አዲሶቹ ቀሚሶቻቸው ያብረቀርቃሉ፣ አንዷ በስልክ ትቀርጻለች። የጨርቅ ሱቋ ልጅ ጋሪውን አይታ «ሁለት ሰው ደግሞ ሶለል ይወጣል?» አለች፤ ሳቁ። ሁለት ቡድን መንገድ ላይ ሲገናኝ መሰዳደብ የተለመደ ነው። የወጣ ግጥም ግን ተቀባይ ማግኘት አለበት፤ መሀል ላይ ከተንጠለጠለ ያወጣችው ትዋረዳለች።

ከበሮዋን መታችና አወጣች። ለጨርቅ ሱቋ ልጅ የሚሆን ስድብ ስጠብቅ የወጣው የኔው ነው። «ከደጋ የመጣች፣ ሻሿን የማትፈታ» አለችና ትንፋሿ ተቆረጠ።

የምሯን ነበር። ከንፈሯ ጠቆረ፣ እጇ ከከበሮው ላይ ወርዶ የጋሪውን እንጨት ጨበጠ። አጎቷ ከመቀመጫው ዘሎ ወረደ። የሁሉም ዓይን መጀመሪያ ወደ እኔ ሻሽ ነበር የዞረው፤ ቀጥሎ ወደ እሷ። የጨርቅ ሱቋ ልጅ ፊት ሲለዝብ አየሁት። ያ የማዘን ፊት እየመጣ ነበር፤ አሁን «ውኃ ስጧት» ትላለች፣ ዘፈኑ ያበቃል፣ እሷም እንደ በሽተኛ ተደግፋ ቤቷ ትገባለች። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ በጨርቅ ሱቋ ልጅ፣ በእሷ፣ በዚያ ግጥም። ሻሼን ፈትቼ ጋሪው ላይ ወረወርኩትና ጀርባዬን ለልጆቹ አዙሬ፣ በዚያ በሻከረ ድምፄ፣ «ፀጉሯን አይጥ በላው፣ እንቅልፍ ጥሏት ማታ» ብዬ ጨረስኩት።

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ ተቀበለችው፣ ሌላዋ ከበሮ መታችለት፣ የክፍሉ ልጆች በሙሉ እየዘለሉ አይጥ በላው አሉ። ማንም እሷን አላያትም፤ በዚያ መሀል ትንፋሿን መለሰች።

«ዜማውን አበላሸሽው» አለችኝ ድምፅ ሲወጣላት።

«አንቺ ደግሞ ትንፋሽሽን ቤት ረስተሽ የወጣሽ።»

ጓደኛዬ ከነበረች የነበረችው ያን ቀን ነው።

መስከረም ላይ ተጠራች። ደረቷን ሳይቀዱ በጭኗ በኩል ቱቦ አስገብተው የጠበበውን ከፈቱላት አሉ። አንድ ቀን ደውላ «አልሞትኩም፤ ይቅርታ» ብላኝ ዘጋችው። ለብዙ ቀን ለብቻዬ ሳቅሁ። ስትመለስ የምላትን እያሰብኩ ጠበቅኋት፤ በአዲሱ ክፍላችንም በሩ አጠገብ ያለውን ዴስክ ይዤ ለሌላ ሰው ሳልሰጥ ቆየሁ።

ስትመለስ ወፍራለች፣ የጉንጯ ቅላት ጠፍቷል። ወደ ክፍሉ ገባች፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ፣ አልፋኝ ሄዳ መሀል ላይ ከጨርቅ ሱቋ ልጅ አጠገብ ተቀመጠች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳ ወጣች። በመስኮት ስትሮጥ አየኋት፤ አሯሯጧ ያስቃል፣ ሰው ሲስቅባት ግን ለማንም መልስ አልሰጠችም። አብራ ሳቀች።

የወር መርፌው አልተቋረጠም፤ ልቧ ቢከፈትም እሱን ገና ለዓመታት ትወጋለች። ቀኑ ሲደርስ እንደ ልማዴ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች።

«እናትሽ...»

«ነግሬያታለሁ። አትቀየሚኝ። አንቺን ባየሁ ቁጥር ዳሌዬን ያመኛል።»

ቀልድ ነው ብዬ ፊቷን ፈለግሁ፤ አልነበረም። ልትሰድበኝ ፈልጋ ብትሆን መልስ ነበረኝ። እሷ ግን እውነቱን፣ ረጋ ብላ፣ በደህና ትንፋሽ ነው የነገረችኝ። ቤቴ ስሄድ ልቧ መልሶ ቢጠብ ብዬ ተመኘሁ። ተመኝቼም አልጸጸተኝም፤ እኔን ለማባረር ያበቃት ያ ትንፋሽ መስሎ ታየኝ።

በዓመቱ ሶለል ሲደርስ ከማንም ጋር አልወጣሁም። ቀጭኔም ግመልም የሚለኝ ቀርቶ ነበር፤ የሚለኝ ሰው ጠፍቶ እንጂ ቁመቴስ አልቀነሰም። እንደሚመጡ ስለማውቅ ግን ለእሷ የሚሆን ግጥም ስፈልግ ሰነበትኩ። ትንፋሽ ስታገኝ ምላሷን ስለጣለች ልጅ የሚናገር ነው፤ በሕይወቴ ጥሩ ነገር ገጥሜ ከሆነ እሱን ነው።

ከሰዓት በኋላ ከበሮው ደጃችን ደረሰ። መሪዋ እሷ ናት። ትዘላለች፣ የምታወጣው መስመር ረጅም ቢሆንም በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ተመስገን» ትላለች። እኔ በሩን ተደግፌ፣ ግጥሜን በአፌ ይዤ፣ እስክትነካኝ ጠበቅሁ። ዞረችና አየችኝ። ከበሮዋን አነሳች።

ቁመቷ ሎጋ፣ ዓይኗ ኮከብ፣ እናቷ ለጋስ አለችኝ። ልጆቹ ተቀበሉ። እናቴ ደስ ብሏት ካሰበችው በላይ ሰጠች። ሁለተኛው መስመር ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። «እንኳን አደረሳችሁ» አለችን፣ ፈገግ ብላ፣ ቤቱን ለማያውቅ እንግዳ እንደሚባለው። ያ ሁሉ ግጥሜ አፌ ውስጥ ቀረ።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ወጣት» አለች እናቴ።

እነሱ ወደ ጎረቤታችን ገቡ። ጎረቤታችን ወገቤ ጋ የማትደርስ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ለእሷም ቁመቷ ሎጋ፣ ዓይኗ ኮከብ እያለች ስትዘፍንላት በአጥሩ በኩል ሰማሁ።